ትንሽ አንቴና መሥራት ፈጠራ የሚባለው መቼ ነው?

መምህር ዘአዘዞ፦

ሰላም ለሁላችሁም። ሰሞኑን በከተማችን በጎንደር በነበረ አንድ የተማሪዎች የሥራ ማሳያ ላይ፣ ለደምቢያ እርሻዎች የአፈር እርጥበትን እየለካ በአጭር የጽሑፍ መልእክት የሚያሳውቅ መሣሪያ ተመልክቼ ነበር። መሣሪያው የሚሠራው በ900 ሜጋ ኸርዝ የሞባይል ኔትወርክ ሲሆን፣ ተማሪዎቹ የተዘጋጀ አንቴና ከመግዛት ይልቅ በራሳቸው ቦርድ ላይ ወዲህና ወዲያ እየታጠፈ የሚሄድ የመዳብ መስመር ቀርጸውለታል። የእጅ ሥራቸው ንጹሕ ነው፤ ሐሳባቸውም ለአካባቢያችን ገበሬ የሚጠቅም ነው። በሰሌዳው ላይ ግን «አዲስ የአንቴና ፈጠራ» የሚል ርዕስ ሰፍሮ፣ ከሥሩ በማስረጃነት የቀረበው አንድ ግራፍ ብቻ ነበር። ግራፉ የሚያሳየው ከአንቴናው ተንጸባርቆ ወደ ሬዲዮው የሚመለሰው ኃይል ከገባው በ30 ዴሲቤል ያነሰ፣ ማለትም አንድ ሺህኛው ብቻ መሆኑን ነው።

ግራፉ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ ግን ዋናውን ጥያቄ አይመልስም። በኬብሉ ጫፍ ላይ አንቴናውን ነቅለን ሬዲዮው የሚጠብቀውን 50 ኦም (የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) የያዘ ሬዚስተር ብንበይድ ከዚያም ያማረ ግራፍ እናገኛለን፤ ሬዚስተሩ የተሰጠውን ኃይል ሁሉ ተቀብሎ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል እንጂ ወደ አየር የሚለቀው ነገር የለም። ኃይል ወደ አንቴናው መግባቱና ከአንቴናው ወደ አየር መውጣቱ ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው፤ ግራፉ የሚነግረን የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

መነሻው የሞገድ ርዝመት ነው። 300ን በሜጋ ኸርዝ ብናካፍል የሞገዱን ርዝመት በሜትር እናገኛለን፤ ለ900 ሜጋ ኸርዝ 33 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ቀላሉና የታወቀው አንቴና የዚህ ሩብ፣ 8.3 ሴንቲ ሜትር ቀጥ ያለ ሽቦ ሆኖ ከሥሩ ሰፋ ያለ ብረት ይፈልጋል። የተማሪዎቹ ሣጥን ይህን ስለማይችል መስመሩን አጣጠፉት። የአንቴና ተመራማሪዎቹ ዊለር እ.ኤ.አ. በ1947፣ ቹ ደግሞ በ1948 ያሳዩት ግን አንቴና ከሞገዱ አንጻር እያነሰ በሄደ ቁጥር የሚሠራበት የድግግሞሽ ስፋት እንደሚጠብ ነው። ትንሽ ሆኖ ሰፊ የሚመስል አንቴና ካጋጠመን፣ አብዛኛውን ጊዜ ስፋቱ የተገኘው ኃይልን በሙቀት በማባከን ነው። ስለዚህ የኔ አቋም ይህ ነው፦ መጠኑ፣ የድግግሞሽ ስፋቱና የጨረር ብቃቱ (ከገባው ኃይል ወደ አየር የሚወጣው ድርሻ) አንድ ላይ ተለክተው ሳይቀርቡ አዲስ አንቴና ተፈጠረ ማለት አይገባም። የእናንተን አስተያየት፣ በተለይ በእጃችሁ የምትሠሩትን፣ መስማት እፈልጋለሁ።

ፒያሳ ጥገና፦

ሰላም መምህር። እኔ የንድፍ ሰው አይደለሁም፤ ስልክ ስከፍት የማየውን ልናገር።

የአሁኑን ስማርት ስልክ የኋላ ክዳን አንሥታችሁ ከታች በኩል ድምፅ ማጉያውን የያዘውን ጥቁር ፕላስቲክ ብትመለከቱ፣ በላዩ ላይ የታተመ ቀጭን የብረት መስመር ታያላችሁ። መስመሩ በፕላስቲኩ ጠርዝ ዞሮ ወደ ጎን ይወርዳል። ከዋናው ቦርድ ደግሞ የወርቅ ቅብ ያላቸው፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ምላሶች ቀና ብለው መስመሩን ይነካሉ። የስልኩ አንቴና ያ መስመር ነው፤ መግቢያው ምላሱ ነው። ስልኩ ወድቆ ወይም ውኃ ገብቶበት አንዱ ምላስ ከተጣመመ ወይም ከዛገ፣ ባለቤቱ «ፒያሳ ላይ ይሠራል፣ ወጣ ስል ኔትወርክ ይጠፋል» እያለ ይመጣል፤ ታወር አጠገብ ሲሆን በተጎዳ አንቴናም ቢሆን ይደርሳልና። ምላሱን በአልኮል አጽድቼ በመቆንጠጫ ቀና ሳደርገው ብዙውን ጊዜ ይስተካከላል።

ሌላው በተደጋጋሚ የሚያጋጥመኝ በርካሽ ክዳን የተቀየረ ስልክ ነው። አንዳንዱ ክዳን የሚያብረቀርቅ ቀለሙ ውስጥ ብረት አለበት፤ ለዓይን ከመጀመሪያው አይለይም፣ ሲገጠም ግን ሲግናሉ ይወርዳል። ደንበኛው ቦርዱ ተበላሽቷል ብሎ ያስባል፤ የድሮውን ክዳን ስመልስለት ይገረማል። እኔ ከዚህ የተረዳሁት አንቴናው መስመሩ ብቻ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ሁሉ እንደሆነ ነው። ስለዚህ አንድ ጥያቄ አለኝ፦ ድሮ ከስልኩ አናት ወጣ ብሎ ይታይ የነበረው አንቴና እንዴት ወደ ውስጥ ሊገባ ቻለ? እርሱ ፈጠራ ካልተባለ ምን ይባላል?

መምህር ዘአዘዞ፦

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ በሰፊው ልመልስ። ቀጥ ያለውን የሩብ ሞገድ ሽቦ ከመካከሉ አጥፈን ከቦርዱ ጋር ጎን ለጎን ብናስተኛው ቁመቱ ይቀንሳል። ይሁን እንጂ ወደ ቦርዱ መሬት፣ ማለትም ከሥሩ ወዳለው ሰፊ ብረት፣ በቀረበ መጠን በመግቢያው ላይ የሚታየው ኦም በጣም ዝቅ ይላል፤ ሬዲዮው ደግሞ 50 ይጠብቃል። መፍትሔ የሆነው፣ ከተኛው ክንድ አንድ ጫፍ ወደ መሬቱ የሚወርድ ማገናኛ ሠርቶ የመግቢያውን ነጥብ ከዚያ ማገናኛ በተወሰነ ርቀት ላይ ማድረግ ነው። መግቢያውን ወደ ማገናኛው ሲያስጠጉት ኦሙ ይቀንሳል፣ ሲያርቁት ይጨምራል፤ በመካከል 50 የሚሆንበት ቦታ ይገኛል። ቅርጹ ከጎን ሲታይ የተገለበጠ የላቲን ኤፍ ፊደል ስለሚመስል ኢንቨርትድ ኤፍ ይሉታል። ሽቦውን በሰፊ ዝርግ ብረት የተካው ዓይነት፣ ፒፋ የሚባለው፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጃፓን ውስጥ ለእጅ ስልክ በሚገባ ተጠንቷል። ኖኪያ በ1998 እ.ኤ.አ. ያወጣው 8810 አንቴናውን በውስጡ ከደበቁት ቀደምት ስልኮች አንዱ ነው፤ በ1999 የወጣው 3210 ደግሞ ይህን አሠራር ለብዙኃኑ አደረሰው።

የዚህ ፈጠራ ውበት ምንም አዲስ ዕቃ አለመጨመሩ ነው። ኮይልም ካፓሲተርም ሳይገባ አንድ ማገናኛ ብቻ ታክሎ፣ የመግቢያው ቦታ ብቻ ተመርጦ ችግሩ ተፈታ። የተከፈለውም ዋጋ ይታወቃል፦ ቁመቱ ባነሰ ቁጥር ስፋቱ ይጠባል፤ እጅ ሲጠጋውም ይረበሻል። አፕል በ2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው አይፎን 4 የስልኩን የብረት ጠርዝ አንቴና አድርጎ ሲጠቀም፣ ተጠቃሚው ከታች በግራ በኩል ያለውን ክፍተት በመዳፉ ሲደፍነው ሲግናሉ ይወርድ ነበር፤ ኩባንያውም በመጨረሻ የፕላስቲክ መያዣ በነጻ እስከማደል ደርሷል። እርስዎ በክዳኑ ያዩትም ከዚሁ ጋር አንድ ነው።

ጋሻው የሬዲዮ ሠራተኛ፦

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በሬዲዮና በቴሌቪዥን ጥገና ያሳለፍሁ ሰው ነኝ፤ ስለ ስልክ ብዙ አላውቅም። ከዲሽ በፊት በጎንደር ጣሪያዎች ላይ ተሰቅሎ የነበረውን የዓሣ አጥንት የመሰለ አንቴና ግን በሚገባ አውቀዋለሁ፤ ስለ ፈጠራ ከተነሣ ደግሞ ከእርሱ የሚበልጥ ምሳሌ አላገኝም።

ያ አንቴና ያጊ ኡዳ ይባላል። በጃፓን ሰንዳይ ከተማ በነበረው የቶሆኩ ንጉሠ ነገሥታዊ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1926 ይፋ ሆነ። ከዘንጎቹ መካከል በኬብል የሚገናኘው አንዱ ብቻ ነው። ከኋላው ያለው ትንሽ ረዘም ይላል፣ ከፊቱ ያሉት ትንሽ ያጥራሉ፤ እነዚህ በሽቦ ከምንም ጋር አልተገናኙም። በርዝመታቸው ልዩነትና በመካከላቸው ባለው ርቀት ብቻ ሞገዱን ከኋላ አስቀርተው ወደ ፊት ይሰበስቡታል። ሌሎች አቅጣጫ ያለው አንቴና ለማግኘት ለየዘንጉ ኃይል የሚያከፋፍል ውስብስብ መሥመር ይዘረጉ በነበረበት ጊዜ፣ እነዚህ ሰዎች አንድ መግቢያና ጥቂት ቁራጭ ብረት በቂ መሆኑን አሳዩ።

ለተማሪዎቹ የምነግራቸው ግን ሌላም አለ። ሙከራውን በብዛት የሠራው ሺንታሮ ኡዳ ሲሆን፣ ፓተንቱ (የፈጠራ መብቱ) የወጣው በአለቃው በሂዴትሱጉ ያጊ ስም ነበር። ያጊ በ1928 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተመው ጽሑፍ የኡዳን ሥራ ቢጠቅስም፣ ዓለም አንቴናውን ለረጅም ጊዜ በያጊ ስም ብቻ ሲጠራው ኖሯል። በዚያን ጊዜ በአገራቸው ብዙም ትኩረት አላገኘም፤ ውጭ አገር ያሉት ግን ፈጥነው ተጠቀሙበት። እ.ኤ.አ. በ1942 ሲንጋፖር ስትያዝ ጃፓኖች ይህ የአገራቸው ሥራ በእንግሊዞች ራዳር ላይ እየዋለ እንደነበረ ከተማረከ ማስታወሻ ተረዱ። የሠራችሁትን በስማችሁ መዝግቡ፤ አብሯችሁ የሠራውንም አትርሱ።

የማራኪዋ ተማሪ፦

ጤና ይስጥልኝ መምህር፤ ጋሼም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሥራውን ካቀረቡት ተማሪዎች አንዷ እኔ ነኝ። መስመርን ማጣጠፍ ከእኛ በፊት የታወቀ መሆኑን እናውቃለን፤ በዘገባችንም ጽፈነዋል። አዲስ ነው ያልነው ግን ሌላውን ክፍል ነው፤ በሰሌዳው ላይ ቦታ ስላልበቃ ሙሉ ማብራሪያው አልሰፈረም።

መሣሪያችን ማሳ ላይ የሚቆመው በብረት ምሰሶ ነው። ላቦራቶሪ ውስጥ በ900 ላይ በትክክል ያስተካከልነው አንቴና ምሰሶው ላይ ሲታሰር ድግግሞሹ ይሸሽ ነበር። አንዱ መንገድ ከምሰሶው ማራቅ ነው፤ የተራቀው ክንድ ግን በነፋስና በከብት ይሰበራል። እኛ ያደረግነው የቦርዱን መሬት በሣጥኑ ጀርባ ባለው ማሰሪያ አማካይነት ሆን ብለን ከምሰሶው ጋር ማገናኘትና መስመሩን ምሰሶው ባለበት ማስተካከል ነው። ምሰሶው እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ የአንቴናው አካል ሆነ። ግራፉም የተወሰደው ምሰሶው ላይ እንደታሰረ ነው። ይህ እንደ አዲስ ነገር አይቆጠርም?

መምህር ዘአዘዞ፦

እህቴ፣ ይህ ከርዕሱ የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር ነው፤ ሰሌዳው ላይ ከሁሉ በፊት ሊሰፍር የሚገባውም እርሱ ነበር። በ900 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራ ትንሽ መሣሪያ ጨረሩን በአብዛኛው የሚለቀው ከትንሿ መስመር ሳይሆን መሬት ከምንለው የቦርዱ ብረት ነው፤ መስመሯ ይበልጡን ያንን ብረት የምታስነሣ ናት። እናንተ ያንን ብረት በምሰሶው አራዘማችሁት፤ አንቴናው ከሞገዱ አንጻር ትንሽ መሆኑ ስለሚቀር፣ ቹ ያስቀመጠው ገደብ የሚመለከተው ሣጥኑን ብቻ ሳይሆን ከምሰሶው ጋር ያለውን ሙሉ አካል ይሆናል። የድግግሞሽ ስፋት ካገኛችሁም ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሌላ ዋጋ ይከፈላል፦ ረጅም ብረት ጨረሩን ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይከፋፍለዋል፤ ወደ ታወሩ መሄድ ያለበት ወደ ሰማይ ወይም ወደ መሬት ሊሄድ ይችላል። ምሰሶው በእርጥብና በደረቅ አፈር ውስጥ ሲተከል ለውጥ መኖር አለመኖሩም መታየት አለበት፤ መሣሪያው የሚለካው ራሱ እርጥበትን ነውና።

ከደባርቅ፦

እኔ ባለሁበት ተራራው ሲግናል ስለሚከለክል አንድ ነገር ልጠይቅ። መሣሪያው ከቦታው የማይንቀሳቀስ ከሆነ ጋሼ የጠቀሱት ያጊ ኡዳ ለምን አይታሰርለትም? በ900 ሜጋ ኸርዝ ዘንጎቹ ከ16 ሴንቲ ሜትር ብዙም አይበልጡም፤ አሉሚኒየምም አይወደድም።

ጋሻው የሬዲዮ ሠራተኛ፦

ለአንተ ቦታ ይሆናል፤ ለደምቢያ ሜዳ ግን አያስፈልግም። ያጊ ኡዳ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሰበስበው ከሌላው ቀንሶ ነው፤ ስለዚህ ወደ ታወሩ በትክክል መዞር ይፈልጋል፣ ነፋስ ካዞረው ሁሉም ይቀራል። ኬብሉንም አትርሳ። አርጂ 58 የሚባለው ቀጭን ኬብል በዚህ ድግግሞሽ በርከት ያለ ሜትር ከሄደ አንቴናው ያተረፈውን ይበላዋል። ሲግናል ማጉያ ገዝቶ ማሰር ደግሞ የተለየ ጉዳይ ነው፤ እርሱ በሞባይል ድግግሞሽ ላይ ራሱ ስለሚያሰራጭ የሌላውን መስመር ሊረብሽ ይችላል፣ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይጠየቅ የሚሠራ ነገር አይደለም።

መዝገብ አገላባጭ፦

በፓተንት ጽሑፍ ሥራ ላይ ስላለሁ ከዚህ በኩል ልጨምር። በአገራችን ጉዳዩ የሚታየው በፈጠራ፣ በአነስተኛ ፈጠራና በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 ነው፤ ማመልከቻውም ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ይቀርባል። ፓተንት ከማመልከቻው ቀን ጀምሮ ለ15 ዓመት ይሰጣል፤ ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ከተረጋገጠ ለ5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጥ የተለየ ሰርተፊኬትም አለ፤ ለተማሪ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚስማማው እርሱ ነው።

ብዙዎች የሚቸገሩበት የመብት ወሰን የሚባለው የማመልከቻው ክፍል ነው። «በጥሩ ሁኔታ የሚሠራ ትንሽ አንቴና» ብሎ መጻፍ ምንም አያስገኝም፤ ጥሩነት መብት አይሰጥበትም። የሚጻፈው የክፍሎቹ ዝምድና ነው፦ ከምሰሶ ጋር የሚያያዝ የብረት ማሰሪያ ያለው ሣጥን፣ መሬቱ ከዚያ ማሰሪያ ጋር የተገናኘ ቦርድ፣ በቦርዱ ላይ ከማሰሪያው በተወሰነ ርቀት መግቢያ ያለው የታጠፈ መስመር፣ ርዝመቱም ምሰሶው በተያያዘ ጊዜ በተፈለገው ድግግሞሽ እንዲስተካከል ሆኖ የተወሰነ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቁራጭ ይዞ ቀድሞ የተመዘገበውን ማገላበጥ ነው። በብረት አካል ላይ የሚታሰር አንቴና ብዙ ስለተሠራበት፣ አዲስነታችሁ የት ጋ እንደሚጀምር የምታውቁት ከፍለጋው በኋላ ነው። እስከዚያው ድረስ ዝርዝሩን ተጨማሪ ማሳያ ላይ ባታወጡት ይመረጣል፤ አስቀድሞ ለሕዝብ የታየ ነገር አዲስነቱ ሊያከራክር ይችላል።

ፒያሳ ጥገና፦

አንድ ደንበኛዬ ፍራክታል የሚባል ቅርጽ ከሁሉ ይበልጣል ይላል። እውነት ነው?

መምህር ዘአዘዞ፦

ፍራክታል ማለት አንድ ቅርጽ በራሱ ውስጥ እያነሰ የሚደጋገምበት ነው። ናታን ኮኸን በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አስተዋውቆት ብዙ ትኩረት ስቧል፤ ረጅም መስመርን በትንሽ ቦታ ለማጨቅና በብዙ ድግግሞሾች ለማሠራት ያገለግላል። ይሁን እንጂ በኋላ የተደረጉ ንጽጽሮች እንዳሳዩት፣ ቁመቱና የሽቦው ርዝመት እኩል ከሆነ ተራው የታጠፈ መስመርም ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል። የቅርጹ ማማር ከዊለርና ከቹ ገደብ አያወጣም። ከዚህ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የናሳ ሥራ ነው፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ወደ ጠፈር በተወነጨፉት ኤስቲ 5 የተባሉ ትንንሽ ሳተላይቶች ላይ የዋለውን አንቴና ኮምፒውተር በዝርያ ምርጫ ዘዴ (ብዙ ቅርጾችን እየፈጠረ፣ የተሻሉትን እየመረጠና እያዳቀለ) ያወጣው ሲሆን፣ ሽቦዎቹ ያለ ሥርዓት የተጣመሙ ይመስላሉ። ማንም ሰው በወረቀት ላይ አይስለውም ነበር፤ ግን ተለክቶ የሚፈለገውን አሟልቷል።

የማራኪዋ ተማሪ፦

መምህር፣ የጨረር ብቃትን ለመለካት ሞገድ የማያንጸባርቅ ልዩ ክፍል ያስፈልጋል ሲባል እንሰማለን። በአቅማችን የሚቻል መንገድ ካለ ቢነግሩን ደስ ይለናል።

መምህር ዘአዘዞ፦

አለ። ዊለር በ1959 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ዘዴ ከብረት ጣሳ በቀር ብዙ አይጠይቅም። አንቴናው ክፍት ሆኖ በሚስተካከልበት ድግግሞሽ ላይ የመግቢያውን ኦም ለኩ፤ በዚህ ውስጥ ወደ አየር የሚወጣውም በሙቀት የሚጠፋውም አለበት። ከዚያ በብረት ጣሳ ክደኑትና ደግማችሁ ለኩ፤ አሁን ጨረር መውጫ ስለሌለው የቀረው የብክነቱ ድርሻ ነው። ለምሳሌ ክፍት ሆኖ 40 ኦም፣ ተከድኖ 8 ኦም ቢሆን፣ ብቃቱ 32 ለ40፣ ማለትም 80 በመቶ ነው። የጣሳው አጋማሽ ስፋት የሞገዱ ርዝመት ለ6.28 ተካፍሎ የሚገኘውን ያህል ቢሆን ይበቃል፤ በ900 ሜጋ ኸርዝ 5.3 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን የዱቄት ወተት ጣሳ ይስማማዋል። የጣሳው አፍ ከሥር ካለው የመዳብ ሰሌዳ ጋር ዙሪያውን ሙሉ በሙሉ መነካካት አለበት፤ ቀጭን ክፍተት እንኳ ከቀረ ጨረሩ ያመልጣል። ይህንኑ ጣሳ ለ2.4 ጊጋ ኸርዝ ግን አትጠቀሙበት፤ በዚያ ድግግሞሽ ጣሳው ራሱ ማስተጋባት ስለሚጀምር ቁጥሩ ትርጉም ያጣል።

ፒያሳ ጥገና፦

ኦሙን የምትለኩበት መሣሪያ እኔ ጋ አለ። ናኖቪኤንኤ የምትባለው ትንሿ ናት፤ የኔዋ እስከ 900 ሜጋ ኸርዝ ድረስ ትለካለች፣ ከ300 በላይ ግን ንባቧ እየሻከረ ይሄዳል። ከመለካታችሁ በፊት በምትጠቀሙበት ኬብል ጫፍ ላይ ማስተካከያዎቹን አስራችሁ ካሊብሬት ማድረግ (ንባቧን ማረም) አትርሱ። ሱቅ መጥታችሁ ውሰዱ።

መምህር ዘአዘዞ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። መሣሪያዋ በ900 አካባቢ የአቅሟ ጠርዝ ላይ ስለሆነች እያንዳንዱን ልኬት ደጋግማችሁ ውሰዱ። ሁለተኛ፣ ጣሳው ምሰሶውን ሊከድን ስለማይችል የሚነግራችሁ የመስመሯንና የቦርዷን ብክነት ብቻ ነው፤ የፋይበርግላስ ቦርዱ ስንቱን እንደሚበላ በዚህ ትለያላችሁ። ለምሰሶው ግን ማሳ ላይ ማወዳደር ያስፈልጋል። ሞደማችሁ፣ ማለትም መሣሪያውን ከኔትወርኩ ጋር የሚያገናኘው ክፍል፣ የሲግናሉን ጥንካሬ ከ0 እስከ 31 ባለ ቁጥር ይሰጣል፤ አንድ እርምጃ 2 ዴሲቤል ነው። በአንድ ቦታና በአንድ ከፍታ መጀመሪያ 8.3 ሴንቲ ሜትር ሽቦ ከመዳብ ሰሌዳው ጋር፣ ቀጥሎ የእናንተን መሣሪያ ምሰሶው ላይ አስራችሁ፣ ሞደሙ ከዚያው ታወር ጋር መገናኘቱን እያረጋገጣችሁ ንባቡን መዝግቡ። ምሰሶውን በየአቅጣጫው እያዞራችሁ፣ አፈሩንም አንድ ጊዜ ደረቅ አንድ ጊዜ ውኃ የጠጣ አድርጋችሁ ድገሙት። ሽቦው ከሚያሳየው በሁለት እርምጃ ውስጥ ከሆናችሁ፣ በዚያ ሣጥን ልክ ጥሩ ውጤት ነው፤ ለመዝገብ አገላባጩ የምትወስዱትም ሠንጠረዥ ይህ ይሁን።